ዶዘር ያሰሩት ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ሣር የሚጠብቅ ሰው ንቀው ያውቃሉ? እኔ ለጋዜጣ ዘገባ ወገዳ ወደሚባል አገር ሄጄ አያ መኩሪያውን እስካይ ድረስ ንቄ አውቃለሁ።

በደርግ ዘመን አንድ ክረምት ለአብዮት በዓል ሜዳ የሚደለድል ዶዘር መጣ። ወደ ሜዳው የሚወስደው አቋራጭ ለበሬ መኖ በተከለለ መስክ ውስጥ ያልፋል። ሣሩ ከተረገጠ በበጋ የአገሩ በሬ የሚበላው የለም። ስለዚህ እዚያ የገባ ከብት ይታሰራል፤ ባለቤቱ ዋስ ካልጠራ አይፈታም።

የዶዘሩ ሰንሰለት ሣሩን ገና ሲነካ፣ የመስኩ ጠባቂ አያ መኩሪያው ዶዘሩን በጠፍር ከግራር ጋር አሰሩት!

"ይህ እኮ ዶዘር እንጂ በሬ አይደለም!" አለ ዶዘሩን ይዞ የመጣው ካድሬ።

"በሬማ ቢሆን ያፍር ነበር፣ ጓድ። ዋስ ጥራ።"

ዶዘር ጠፍር መበጠስ ያቅተዋል? ሹፌሩ ግን የገበሬ ልጅ ነውና ሞተሩን አጠፋ። "ጓድ፣ የታሰረ ከብት በጉልበት ፈትቼ አላውቅም። ዋስ ይሁኑኝ" አለ።

ካድሬው የተሰበሰበውን ገበሬ አየ።

"እሺ፣ ዋስ ነኝ" አለ። ዶዘሩም ተፈቶ በድንጋያማው መንገድ ዞረ።

ዙሪያ መንገዱ ቀናት ስለፈጀ ሜዳው ለበዓሉ አልደረሰም። ካድሬው ባልተደለደለው ተዳፋት ላይ አንድ ጉልበቱን አጥፎ ንግግር አደረገ። እኔም ንግግሩን ዘገብሁ፤ ስመለከት የዋልሁት ግን ከጎኑ ባለው መስክ እስከ ጉልበት ድረስ የቆመውን ሣር ነበር።