ጋሽ አንጁሎ ቦይለር ላይ ያንጠለጠሉት ድንጋይ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሙቅ ውሃ የሚናፍቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አግብቻታለሁ። አስቴር የጨንቻ ልጅ ናት። እዚህ ቆላ ወርዳ ስንት ዓመት ኖራ፣ እኛ በላብ ስንታጠብ እሷ ዛሬም በሚፋጅ ውሃ ካልታጠበች የጠዳች አይመስላትም። ስለዚህ መታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ቦይለር ተሰቅሏል። አንድ ሰሞን ከሥሩ ካለች ትንሽ ነገር ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አበሰበሰው። እንጨት ጠርቤ፣ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ጠቅልዬበት በአምስት ደቂቃ ደፈንኩት። ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ከእንፋሎት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ለእኔ ሥራም አይባልም።

ለማንኛውም፣ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ አስቴር ታላቅ ወንድም ነው። ጋሽ አንጁሎ ዕድሜያቸውን ሸማ ሲሠሩ ኖረው አሁን ጨንቻ ላይ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን ከፍተዋል። የጨንቻን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሙቅ ውሃ በሌለበት ማን ያድራል? እሳቸውም ጓሮ በእንጨት የሚነድ ቦይለር አስተከሉ። እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ የሻወሩን ውሃ ያሞቃል። እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ፣ ለአገሩ ብርቅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከካምባ ለጉባኤ የመጡ መዘምራን ክፍሎቹን ሞሏቸው። አስቴር ወጥ ልታግዝ፣ እኔ ቦይለሩን ላደንቅ ወጣን። ጋሽ አንጁሎ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከቦይለሩ በፊት ያየሁት ግን ድንጋዩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንፋሎት ቦይለር አናቱ ላይ ማስተንፈሻ አለው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ክንዷ ብድግ ትልና ትርፉን እንፋሎት ፊሽ አድርጋ ትለቃለች። እንግዲህ እዚያች ክንድ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ያውም በሦስት በተገመደ ነጭ የጥጥ ክር። አተሳሰሩ፣ እውነቴን ነው፣ ለሰርግ የተሠራ ይመስላል።

ይሄ ምንድን ነው ጋሼ፣ አልኳቸው። ስታፏጭ እንግዳ ትረብሻለች፣ እንጨቴንም በከንቱ ታስጨርሰኛለች፣ ላልታብኝ ወጠርኳት፣ አሉኝ ፈገግ ብለው። ሸማኔ የላላ ነገር አይቶ እንዴት ዝም ይበል?

መለኪያውን አየሁ። መርፌዋ ቀዩን መስመር አልፋለች። ከግድግዳው ወዲያ ስድስት መዘምራን እየዘመሩ ይታጠባሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እጅ ቶሎ ብሎ ድንጋዩን ላንሳ ይላል። አይነካም። ታፍኖ የቆየ እንፋሎት ድንገት ከተለቀቀ እናንተንም ቦይለሩንም ይዞ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ውሃም አይደፋበትም። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ቀጥሎ እሳቱ ይታፈናል፣ ከዚያ ርቆ መጠበቅ ነው። አስቴርን ጮኼ ጠራኋት፤ ሰዎቹን አስወጪ አልኳት። እኔ እሳቱ ላይ በአካፋ አመድ ከመርኩበት፣ የአየር መግቢያውን ዘጋሁና ሮጥኩ።

መዘምራኑ አረፋቸውን ሳይለቃለቁ ፎጣ ታጥቀው ጉሙ ውስጥ ወጡ። ሳሙና ዓይኑን የዘጋው አንድ ወፍራም ሰው፣ ጌታ መጣ እንዴ ብሎ ጠየቀ። የለም፣ ቦይለሩ ነው አለችው አስቴር። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ግን ሰዎቹን ቶሎ በሉ እያልኩ እነዳ ነበር። እናም ከአጥር ወዲያ ቆመን ጠበቅን። እሳቱ ሞቶ፣ ብረቱ በርዶ፣ መርፌዋ ዜሮ ላይ ስትቀመጥ ሄጄ ድንጋዩን አወረድኩት።

ጋሽ አንጁሎ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ስድስት ነፍስ፣ ስድስት የሰው ልጅ፣ እያሉ አለቀሱ። አሳዘኑኝ። ታዲያ ዝም አልኩ? ምን ሲደረግ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማስተማር ጀመርኩ። ማስተንፈሻ አይታሰርም፣ አይደፈንም፣ ከፈሰሰ ለምን ፈሰሰ ብሎ ባለሙያ መጥራት ነው አልኩ። ድንጋዩን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ይህን በር ላይ ያስቀምጡት፣ የገባ የወጣ ይማርበት አልኳቸው። መዘምራኑ በፎጣቸው እንዳሉ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

በማግስቱ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያን ሁሉ ቁልቁለት ስለ ማስተንፈሻ አወራሁ። ሾፌሩ ሳይቀር ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ቤት ስንገባ አስቴር ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

ይቺ የደፈንካት ነገር ምን ትባላለች፣ አለችኝ።

ማስተንፈሻ አልኳት። ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ ሳላስበው ነው።

ቦይለሩን ከማብሪያው አጠፋች፣ እኔንም ይዛኝ ግቢ ወጣች፣ ከዚያ ወንድሟ ጋ ደወለች። ረጅም ሰዓት አወሩ። ስትስቅም ሰማኋት።

ማክሰኞ ዕለት ከጨንቻ አንድ ካርቶን ፖም መጣልን። ፖሙን አውጥተን ስንጨርስ ከሥሩ ድንጋዩ ነበር፣ በዚያው በነጭ ክሩ እንደታሰረ። አብሮት ጋሽ አንጁሎ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት አለ፦ «በር ላይ አስቀምጠው፤ የገባ የወጣ ይማርበት።»