መብራት የለም፣ ኮረንቲ አለ

መብራት የገባለት ሰፈር ሁሉ አንድ ጋሽ አንጁሎ አለው። የእኛው ጋሽ አንጁሎ ሶዶ አራዳ ውስጥ ልብስ ይነግዳሉ፤ ሱቃቸው ግን አይገኙም። ቀይና ጥቁር ገመድ ያለውን የኮረንቲ መለኪያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሰው ቤት ይዞራሉ። መቀመጥ አያውቁም።

"ቆይ፣ ልለካው" ይላሉ። ኢሊያስ ሱቅ ስኳር ልገዛ ስሄድ ክቡርነታቸው የፍሪጁን ሶኬት ሲመረምሩ አገኛቸዋለሁ። መቶ ሰባ ቮልት ካነበቡ "ግፊቱ ወርዷል" ብለው ፍሪጁን ይነቅላሉ፤ ኢሊያስም ለስላሳውን ሞቅ እንዳለ ይሸጣል። አንድ እሁድ ደግሞ ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ማይኩ ይነዝራል ብለው አስቆሟቸው። ልክ ነበሩ፤ የበለጠ ያናደደንም እሱ ነው።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። ተራችን ደርሶ ሲጠፋ፣ የተበላሸ ሶኬት ያለው ሁሉ ያን ቀን በባዶ እጁ ይጠግናል። አንድ ከሰዓት መብራቱ ድርግም አለ። ባለቤቴ ሽታዬ ፈረቃችን ነው ብላ በሩ አጠገብ ያለውን ስንጥቅ ሶኬት ፈታች፤ እጇ ዕቃ ስታጥብ ቆይታ ገና እርጥብ ነው። ሽቦውን ልትይዝ ስትል ጋሽ አንጁሎ ደረሱ። ሲደነግጡ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

"አንተ ሽታዬ፣ አትንካ!"

"ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ" አልኳቸው ስልችት ብሎኝ።

ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ለኩ፤ ዜሮ። ሳቅኩባቸው። እሳቸው ግን የጥቁሩን ገመድ ጫፍ ደጃፉ ላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ወጉት፣ ቀዩን ሽቦው ላይ አሳረፉት፤ ሁለት መቶ ሃያ።

"መብራት የለም፤ ኮረንቲ አለ" አሉ ቀስ ብለው።

ለካ የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ ምሰሶው ላይ ተበጥሷል። የመጣው ኮረንቲ መሄጃ አጥቶ እዚያው ቆሟል፤ ሽታዬ ብትነካው መሄጃው እሷ ነበረች።

ያንን ነዝናዛ ሰው በዚያች ደቂቃ ከወንድሜ አብልጬ ወደድኩት። እስቲ አረፍ በሉ ብላቸው አልሰሙኝም፤ ምሰሶው የጋራ ነው፣ ፈረቃ መስሎት የሚነካ አይጠፋም እያሉ ወጡ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ፤ እንዲያውም ቀድሜያቸው የጎረቤታችንን የቤቴልን በር ደበደብኩ። ሽቦ እንዳትነካ እየለመንኳት ጋሽ አንጁሎ ከኋላዬ ደረሱ። ቤቴል እኔንም እሳቸውንም ተራ በተራ አየችን።

"ውይ" አለች፣ "ደግሞ ሁለት ሆናችሁ?"