የአሪየት ደብዳቤ ዘፈን ቤት ገባ

የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። አትሳቁ። ደገኛ ሲበርደው ይጠጋጋል፤ ተጠጋግቶ ሲያወራ ሁሉም ሁሉን ይሰማል። እኛ ግን ሲሞቀን እንራራቃለን። አንዱ ማንጎው ሥር፣ ሌላው አጥሩ ጥግ። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ስለ ማን ነው የሚያወራው? ስለ እኔ ነዋ! ስለ ማን ሊያወራ ነው? በመጋቢት ሙቀቱ ሲብስ፣ ዶሮዎቻችን የተቀቀለ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ፣ እኔ የራሴን ጥላ ሳይቀር «ለምን ትከተለኛለህ?» እለዋለሁ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ይባል የለ? እኔ ከገንፎው አልፌ ማንኪያውንም እጠረጥራለሁ።

እንዲህ ተጠንቅቄ የምኖር ሰውዬ ታዲያ ባለፈው ዓርብ ምን እንደሆንኩ ስሙ።

አሪየት የእህቴ የአባንግ ልጅ ናት። ድንበሩ አጠገብ፣ ማታር ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች። እህቴ ዓይኗ ደክሟል። አሁን አሁን እኔን የምትለየኝ በድምፄ ነው። አንድ ልጇን ነው የምትጠብቀው። አሪየት አምና በእናቷ ልመና ወደ ጋምቤላ ከተማ የዝውውር ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ዘንድሮ አንድ ቦታ ተገኘ፤ የእሷም ስም ከሁሉ ቀድሞ ቆመ ተባለ። አባንግ ይህን ስትሰማ ጓዳውን አስጠርጋ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች።

ሐሙስ ዕለት አሪየት ደወለችልኝ። ፍላሽ በሹፌር እጅ ልካለች፤ ውስጡ አንድ ደብዳቤ ብቻ አለ፣ ፊርማዋ ሳይቀር ገብቶበታል።

«አጎቴ፣ የዝውውሩ ጉዳይ ነው» አለችኝ። «አሳትመህ ነገ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ለጤና ቢሮው ስጥልኝ። ካለፈ አለቀ። ከአንተ እጅ አይውጣ፣ ማንም አያንብበው።»

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ የደረቅ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። በቤተሰባችን የተማረ ሞልቷል። ዲፕሎማ ያለው አለ፣ ወንጌላዊ አለ፣ ቢሮ ውስጥ ወንበር የሚያሽከረክር አለ። እነሱን ሁሉ ዘላ እኔን መረጠች። ንቃቴን አይታ ነው አልኩ። የዚያን ዕለት አንገቴ ከቀጭኔ ረዘመ።

ገበያው አጠገብ የደሳለኝ ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ደሳለኝ የጎሬ ሰው ነው፤ እዚህ ከመጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ደህና ሰው ነው ይሉታል። ደህና ሰው የተባለ ሰው እኔን ይበልጥ ያስፈራኛል። ደግሞስ የሚስቱ እህት ሰናይት ፑኝዶ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። እሷም ለዚያችው አንድ ቦታ አመልክታለች፤ ስሟም ከአሪየት ቀጥሎ ነው። አያችሁ? አያችሁ አይደል? ታዲያ ሌላ ቤት ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛው ቤት ማተሚያው ተበላሽቷል። ሦስተኛው ቤት መብራት የለም። ሁሉም በአንድ ቀን! ይህ ራሱ አያጠራጥርም?

ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ። ደሳለኝ ፍላሹን ሰካ፣ ደብዳቤውን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ምን ወጣ መሰላችሁ? ብርቱካናማ ቆብ! ያ መንገድ ሲሠራ አስፋልት ላይ የሚገትሩት ሹል ነገር። ቀጥሎ ጨለማ። ቀጥሎ ዝምታ።

«ዘፈን ማጫወቻው ነው የከፈተው» አለ ደሳለኝ ጭንቅላቱን እያከከ።

«አሪየት ነርስ ናት እንጂ ዘፋኝ አይደለችም» አልኩት።

«ኡመዴ፣ ፋይሉ ሳይበላሽ አልቀረም። ደውልላትና እንደገና ትላክ።»

እንደገና! ከማታር! ደወልኩላት። ያቺ ስልክ ውስጥ የምትኖረው ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። እሷንም አላምናትም፤ አሪየትን በፈለግኩ ቁጥር ቤት የምትገኘው እሷ ናት። ወደ ደሳለኝ ዞሬ ፊቱን አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል። እርግጥ ነው፣ እኔም ላብ በላብ ነበርኩ፤ ግድግዳውም ጭምር። ቢሆንም የእሱ ላብ ሌላ ዓይነት መሰለኝ።

«ደሳለኝ» አልኩት፣ «ሰናይት እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ከበሩ ንቅንቅ አልል ስለው ኮምፒውተር የሚጠግነውን ቾልን ጠራ። ቾል ረጅም ነው። ጭንቅላቱ ቤት ገብቶ ሰላምታ ሲሰጥ እግሩ ገና ባጃጅ እየከፈለ ነው። አንዴ ስክሪኑን አየና ሳቀ።

«ደብዳቤው ደህና ነው ፋዘር። የተላከበት ቤት ነው የተሳሳተው።»

«ቤት?»

«ፋይል እንደ ሰው ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው የራሱ ስም ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የአባቱ ስም ነው በለው። ኮምፒውተሩ የአባቱን ስም አይቶ ነው ወደ የትኛው ፕሮግራም እንደሚልከው የሚያውቀው። ደብዳቤ ወደ ጽሑፍ፣ ፎቶ ወደ ፎቶ፣ መዝሙር ወደ ማጫወቻ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በእኛ ከተማ ስምህን የሚጠይቅህ ሰው ስምህን ስትነግረው ገና አልሰማህም። ጆሮውን የሚያቆመው የአባትህ ስም ላይ ነው። ከዚያ የየት ወገን እንደሆንክ፣ የትኛው መስኮት እንደሚስማማህ፣ ፈገግ ይበልልህ ወይስ ነገ ና ይበልህ፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ይወስናል። እኔ ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኮምፒውተሩም ያደገው ጋምቤላ ነው!

«ታዲያ የአባቱን ስም ቀይርለታ!» አልኩት።

«ስሙ ቢቀየር ደሙ አይቀየርም። አንተ ዓሣ ነጋዴ ነህ። ዓሣውን ዶሮ ብለህ ብትሸጠው ዶሮ ይሆናል?»

«ሞክሬዋለሁ» አልኩት። «የሠራው አንድ ቀን ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዘፈን ማጫወቻ ሰሞኑን ደሳለኝ ሲጭነው «ሁሉንም እኔ ልክፈት?» ብሎ ጠየቀ፤ ደሳለኝም ሳያነብ እሺ አለው። እሱ ታዲያ የዘፈኑን፣ የፎቶውን፣ የደብዳቤውን ልጆች ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደ። ለማይችለው ሥራ «እኔ አለሁ» የሚል! እንደዚህ ያለ ሰው ስንት አውቃለሁ መሰላችሁ። አንዳንዱ መኪና ተሰጥቶታል።

ቾል ጥቁር መስኮት ከፈተ። ነጭ ፊደል ጉንዳን ይመስል ይርመሰመስበት ጀመር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ይኼም ምን ሊያወጣ ነው አልኩና ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ስክሪፕት ይባላል። የትእዛዝ ዝርዝር ነው። በእጅ አንድ በአንድ ላስተካክል ብል ይመሻል፤ ማጫወቻው የወሰደው አርባ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ እጽፍለታለሁ፦ የዚህ አባት ልጆች ወደዚህ፣ የዚያ አባት ልጆች ወደዚያ። እሱ ከላይ እስከ ታች እያነበበ ይፈጽማል።»

«ሰናይት የሚል ቃል አለበት?»

«ማናት ሰናይት?»

«ዝም ብለህ ጮክ እያልክ አንብብልኝ።»

አነበበልኝ፣ በእንግሊዝኛ። በየመስመሩ ራሴን ነቀነቅኩ። ራሱን የሚነቀንቅ ሰው የገባው ይመስላል። በየመካከሉ ደግሞ «እሱን ድገመው»፣ «ያቺ ነጥብ ምን ትሠራለች?» እያልኩ ጣቶቹን ስጠብቅ፣ ቾል ግራ ተጋብቶ ሁለት መስመር አቀያየረ። ትእዛዙን ለቀቀው። ደሳለኝ ለሙከራ አንድ መዝሙር ነካ። ዘማሪው አልመጣም! በምትኩ ገጽ በገጽ ጉድ ፊደል ወጣ፤ አኙዋ የማያነበው፣ ኑዌር የማያነበው፣ የጎሬ ሰው አማትቦ የሚሸሸው። ቢነጠፍ ከባሮ ድልድይ ተነስቶ ኢታንግ ይደርሳል። ደብዳቤው ግን አሁንም ዘፈን ቤት ነው።

«ፋዘር» አለ ቾል፣ «አንተ ዝም ካላልክ ይኼ ኮምፒውተር ነገ ዓሣ ይጠብሳል።»

ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት እስትንፋስ እንደ መያዝ ነው። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ቾል መስመሮቹን አስተካክሎ እንደገና ለቀቃቸው። ደብዳቤውን ጠቅ ሲያደርገው ነጭ ገጽ ብልጭ አለ፣ ጽሑፉ ድርድር ብሎ። በዚያች ቅጽበት ምን አደረግኩ? ኮፍያዬን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ሰቀልኩ!

«ዞር በሉ! ማንም አያንብብ ተብሏል።»

ደሳለኝ ግድግዳውን እያየ ሳቀ። ቾል ግን ዓይኑ አንድ ሁለት መስመር ቀድሞኝ ነበር መሰለኝ፣ ሳቁን ተወ።

«ፋዘር፣ ይህ ደብዳቤ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ከአንተ በላይ!»

«እሺ» አለ። ደብዳቤውን ወደ ማተሚያው ላከው። እሱንም ጠረጠርኩት።

ወረቀቱ ሲወጣ አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ባጃጅ ሄድን። አስራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቢሮው ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ወረቀቱን አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ማህተሙን ድም! አደረገችው። ደስታዬ ወሰን አጣ። «ስንቱን ተንኮል አልፌ እንዳመጣሁት ብታውቂ!» ብዬ ልተርክላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አባት፣ ጨዋ ልጅ ናት። ሌላው ዝም ብሎ ነው የሚቀረው። እሷ ግን አልመጣም ብላ በጊዜ አሳወቀች።»

«ማን ነው የማይመጣው?»

አነበበችልኝ። አሪየት ማታር መቆየት ስለምትፈልግ የዝውውር ማመልከቻዋን አንስታለች። ቦታው ለቀጣይዋ ተጠባባቂ ይለፍ።

«ቀጣይዋ ማናት?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ሰናይት የምትባል፣ ከፑኝዶ።»

ማንም አልወሰደባትም። በገዛ እጄ፣ በኮፍያዬ ከልዬ፣ በባጃጅ አድርሼ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

ከግቢው ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ።

«አጎቴ፣ ገባ?»

«ገባ። አሪየት፣ እናትሽስ?»

«አውቃለሁ። ግን እዚህ የማዋልዳቸውን ሴቶች ለማን ትቼ ልምጣ? በየወሩ እመላለሳለሁ።»

«ከዘመድ ሁሉ ለምን እኔን ላክሽኝ?»

«ሌሎቹ ማንበብ ይችላሉ አጎቴ።»

ሰማችሁ? ደሳለኝን፣ ቾልን፣ የስልኳን ሴትዮ፣ የራሴን ጥላ ስጠረጥር፣ ያልጠረጠርኳት አንድ እሷን ነበር።

«ለእናቴ አንተው ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኩ።

አባንግ ደጅ ተቀምጣ እርምጃዬን ስትሰማ ተነሳች። በሕይወቴ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ልጅሽ አትመጣም አልኳት። ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ አልኳት። እህቴ ሆዷን ይዛ ትስቅ ጀመር፤ ከደካማ ዓይኗ እንባ እስኪፈስ።

«አንተ ውሸታም! ዕድሜህ አይመክርህም? በል ና፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ ግፋልኝ፤ ልጄ ነፋስ ትወዳለች።»

እውነቱ ደህና ነበር እኮ። አንድ ፊደል አልተበላሸም። የተከፈተው በእኔ አፍ ስለሆነ ብቻ ቀልድ ሆኖ ወጣ። ለዚህ የሚሆን ስክሪፕት አለ ወይ ብዬ ቾልን በስልክ ጠየቅኩት፤ የለም አለኝ።

አልጋውን ገፋሁ።