የሰጠሁትን ጃኬት ሳባርር

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ገበያ የነበራችሁ ግን ታምናላችሁ። ብዙ ነበራችሁ!

ባጃጄን መሀል አስፋልት ላይ አቁሜ፣ ሁለት ተሳፋሪ ከኋላ እንደተቀመጡ ትቼ፣ አንድ የማላውቀውን ሰው በሩጫ አባረርኩ።

ለምን?

ጃኬት ለብሶ ነበራ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነገር መተረክ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቀጥታ ባጃጅ ነው የያዝኩት።

ታላቅ ወንድሜ ሐሚድ ባለፈው ክረምት በወባ ሞተ። ባጃጇ የእሱ ነበረች። ጃኬቱም። ብርቱካናማ ነው፤ ክርኑን እናቴ በሰማያዊ ክር ጥፋዋለች።

እኛ ጋ የሟች ልብስ ሰደቃ ይሰጣል። ሌላውን ሁሉ ሰጠን። ጃኬቱ ግን ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ቀረ። እናቴ ቤት ስትጠርግ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የማይንድሴት፣ "አስተሳሰብህን ቀይር" የሚሉ ቪዲዮዎች ላይ ተጥጄ ነበር። ጠዋት ማይንድሴት። ምሳ ሰዓት ማይንድሴት። ተራ ስጠብቅ ማይንድሴት!

ከሦስት ሳምንት በፊት ጃኬቱን ከምስማሩ አውርጄ መስጊድ ወሰድኩት። እናቴን አላስፈቀድኳትም። "ኡሚ፣ ጠንካራ መሆን አለብን" አልኳት፣ በቃ።

ከዚያ ፖስት አደረግኩ። ላይክ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ አትካዱ! "ያለፈውን ልቀቅ። አዲስ ነገር የሚይዘው ባዶ እጅ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባጃጅ ተራ ልጆች ስሜን ትተው "ማይንድሴት" ነው የሚሉኝ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። አሶሳ ስንት መንገድ አላት? ሰደቃ የሰጠኸው ልብስ ዞሮ ዞሮ ፊት ለፊት ይመጣብሃል!

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ወደ ገበያ እየወረድኩ፣ ከፊቴ ብርቱካናማ ጃኬት አየሁ። ሰማያዊውን ክር አየሁ። ሰውዬው አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚራመደው፣ ልክ እንደ ሐሚድ።

ትከሻው ላይ የበቆሎ ጆንያ እንዳለ ያየሁት በኋላ ነው።

"ሐሚዶ!" ብዬ ጮህኩ።

አዎ። የሞተ ሰው ጠራሁ። በሙሉ ድምፄ።

ዘልዬ ወርጄ ሮጥኩ። ከኋላዬ አንዷ ተሳፋሪ፣ አስተማሪ ናት፣ "አንተ ልጅ! እኛን ለማን ትተኸን ነው?" ትላለች። ሌላዋ ተሳፋሪ፣ ማንጎ የያዙ እናት፣ ደግሞ "ኧረ ሞተሩን እንኳ አጥፋው!"

ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና እሱም ሮጠ። ማን አይሮጥም? በቆሎ ተሸክሞ እንኳ ከእኔ ይፈጥናል!

ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሼበት ክንዱን ያዝኩት።

ፊቱን አየሁ። ሐሚድ አይደለም። እንዴትስ ይሆናል?

"ወላሂ አልሰረቅኩም፣ ወንድሜ!" አለኝ። "መስጊድ ነው የሰጡኝ!"

ሰው ተሰበሰበ። "ሌባ ነው?" አለ አንዱ። ሌላው ዱላ መፈለግ ጀምሯል።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። በእኔ እብደት አንድ ምስኪን ሊደበደብ!

"ሌባ አይደለም! እኔ ነኝ የሰጠሁት!"

ዱላ ፈላጊው ዞሮ አየኝ።

"ታዲያ ሰጥተህ ነው የምታባርረው?" አለኝ።

ሳቁ ከዚህ ጀመረ። የተራ ልጆችም ደረሱ። "ማይንድሴት! ያለፈውን ልቀቅ አላልክም እንዴ? ልቀቀዋ!"

እጄ አሁንም ክንዱን ይዞ ነበር።

ሰውዬው ጆንያውን አስቀምጦ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። "ከፈለግከው ውሰደው" አለኝ። "ዝናቡን እችለዋለሁ።" ዚፑ ግን መሀል ላይ ያዘው። ሁልጊዜም እዚያ ጋ ይይዛል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ልወስደው ፈልጌ ነበር። በጣም። ምስማሩ ላይ መልሼ ልሰቅለው።

ጎንበስ ብዬ ዚፑን ያዝኩ። "መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለህ" አልኩት። "ጨርቁን በአውራ ጣትህ ግፋ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ሳብ። ሐሚድ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።"

ወደ ላይ ሳብኩት። እስከ አንገቱ ዘጋሁለት።

"ሐሚድ ማነው?" አለኝ።

ነገርኩት። እዚያው ቆሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ እያለቀስኩ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ሲስቁ የነበሩት ኮፍያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አላህ ይዘንለት" አለ፤ ጆንያውን አንስቶ ሄደ።

ስመለስ አስተማሪዋ ባጃጇ ውስጥ እንደተቀመጠች ነች። ዓይኔን አየች። "ማርፈዴን ለዳይሬክተሩ አንተ ነህ የምታስረዳው" አለችኝ፤ ሶፍት ግን ሰጠችኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሳልጠይቃት ስለወሰድኩት ይቅርታ ጠየቅኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ዚፑን አሳየኸው?"

"አሳየሁት፣ ኡሚ።"

"ጎበዝ" አለች።

ያን ሁሉ ቪዲዮ ሳይ ጎበዝ ያለኝ አልነበረም። ገበያው ሁሉ ስቆብኝ፣ ዛሬ ኮርቻለሁ!

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሐሚድን ቡኒ ጫማ የወሰድክ ወንድሜ፣ አንተ ማነህ? የግራው ማሰሪያ ላይ የምነግርህ ነገር አለ። ስጠራህ ብቻ፣ እባክህ፣ አትሩጥ!