ለዊንዶው ብሎ ኀዘንተኛ ሽማግሌ የላከ ነጋዴ

ጉዳዩ በጠቅላላ ያስወጣኝን ልንገራችሁ፦ ኮምፒውተሬን ወደፊት ለማስኬድ አንድ ክፍያ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ እጥፉ፣ የባጃጅ ደርሶ መልስ፣ በዚያ ላይ አዳማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት “እሱ አይሸወድም” የሚለው ስሜ።

አሁን የት ነኝ? ሰኞ ጠዋት የነበርኩበት ቦታ!

ቆይ፣ አትሳቁ። ገና ነው።

ለማታውቁኝ፦ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን። ዲግሪዬ ከመናኸሪያ ነው። ሰው ሱቄ የሚመጣው ግን ለደብተር አይደለም። ጥጉ ላይ ላለው ኮምፒውተርና ከፊቱ ለምትቀመጠው ለእትዬ አስናቀች ነው።

እትዬ አስናቀች ጸሐፊዬ ናት። ሁላችንም ከተማውን ናዝሬት በምንልበት ጊዜ የራሷን የጽሕፈት መኪና በጋሪ ጭና መጣች። በጋሪ! “ቀስ በል፣ እንቁላል የጫንክ ነው የሚመስልህ? ከእንቁላል ይብሳል!” እያለች ባለጋሪውን ስታመናጭቀው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ፈረሱም የተሳቀቀ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር ገዛሁ። ሞኒተሩ የበሬ ጭንቅላት ያክላል። ዳንቴል አለበስነው። ሰው ኮፍያውን አውልቆ ነበር የሚገባው፣ እውነቴን ነው!

ሲከፈት የሚመጣውን አረንጓዴ ጉብታ ታስታውሳላችሁ? ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጭ ደመና? አንድ ከአቦምሳ የመጡ ገበሬ “ይሄ የኛ ሰፈር ነው፣ ከጀርባው ወንዝ አለ” ብለው ተከራክረውኛል። እኔም አልተቃወምኩም። ደንበኛ ናቸው።

ያኔ እትዬ አስናቀች “ጣቴ አይለምደውም” አለች። የዚያን ጊዜው ቴክኒሻን አንድ የአማርኛ መጻፊያ ጫነላት፤ ፊደሎቹ ልክ በጽሕፈት መኪናዋ ላይ በነበሩበት ቁልፍ የተቀመጡ። ሁለት ወር ታገስኳት። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱን ዐይታ አታውቅም። ስክሪኑንም አታይም። የምታየው የባለጉዳዩን ፊት ነው።

የእድር ደንብ፣ የሠርግ ካርድ፣ የሽምግልና ውል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ። እያዳመጠች ትጽፋለች፣ እያለቀሰች ትጽፋለች፣ አንድ ፊደል አትስትም።

ታዲያ ምን ነካኝ?

ፊት ለፊቴ አዲስ ሱቅ ተከፈተ፤ ስክሪኑ እንደ ወረቀት የሳሳ። የኔው ማሽን ደግሞ ከፍቼው ቁርሴን በልቼ ስመለስም ገና እየተነሳ ነው። አዲሱ ፕሪንተር “አላውቅህም” አለው። ቴክኒሻኑ ሳሚ በመጣ ቁጥር “ጋሼ፣ ይሄ ዊንዶው እኮ ጡረታ ወጥቷል” ይለኛል።

ሦስት ወር አመነታሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ቢሮ የሚሠራውን የሚስቴን ወንድም ጠየቅኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያነሱ የመጡትን ሁሉ ጠየቅኩ። እናንተንም እዚሁ ገጽ ላይ ጠይቄያችሁ ነበር፤ “አፕግሬድ! አፕግሬድ!” ብላችሁ ጮኻችሁብኛል። ስማችሁን ይዣለሁ።

አንድ ሰው ብቻ አልጠየቅኩም።

ለምን? እምቢ እንደምትል አውቅ ነበራ!

ሰኞ ከሰዓት እትዬ አስናቀች ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። ልክ እንደወጣች ሳሚን ጠራሁት። “ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጥና አጽዳው!” አልኩት። አዲስ ዊንዶው፣ አዲስ አማርኛ። ማሽኑ ጥቅሻ በማያህል ጊዜ ተከፈተ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ትቀየማለች ብዬ ሳይሆን ትመርቀኛለች ብዬ ነው ያደርኩት፣ ጉድ እኮ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኦቦ ገመዳ ከደራ መጡ። የድሮ ደንበኛችን ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል።

“አካም ቡልተን” ብዬ እንደምን አደሩ ስላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ታላቅ እህታቸው አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪክ ሊያጽፉ ነው የመጡት።

እትዬ አስናቀች አጽናናቻቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው፣ ፊታቸውን እያየች መጻፍ ጀመረች። አንድ አንቀጽ ሙሉ። በልቤ ሳሚን አመስግኜ ልጨርስ ነበር።

ኦቦ ገመዳ ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። “አስናቀች፣ ይሄ አማርኛ ነው?”

አልነበረም። የምንም አገር ቋንቋ አልነበረም።

ስክሪኑን አየች። ኪቦርዱን አየች። ጣቶቿን አየች። ከዚያ እኔን።

“ማንን ጠይቀህ ነው?”

“ፈጣን እንዲሆንልሽ ብዬ...”

“ጣቴንስ ፎርማት አድርገህልኛል?”

መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኦቦ ገመዳን ይቅርታ ጠየቀች፤ እኔን ዘለለችኝ። ወጣች።

ሰው ፊት! ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ አምስት ሰዎች ቆመው!

“ግድ የለም፣ እኔው እጽፈዋለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ። ሦስት መስመር። እሱም የእህታቸው ስምና የትውልድ ቦታ ነው።

ኦቦ ገመዳ በትዕግሥት ቆይተው “ልጄ” አሉኝ፣ “እህቴ ሰባ ስምንት ዓመት ነው የኖረችው። በዚህ አያያዝህ አንተም ሰባ ስምንት ዓመት ልትፈጅባት ነው።”

ከወረፋው ሳቅ።

“ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ይጽፍልዎታል” አልኳቸው። እኔ! ደንበኛዬን በገዛ እጄ! እምቢ አሉ። “የእናታችንን የጻፈችው አስናቀች ናት። የእህቴንም እሷው ትጽፋለች። እስከዚያ የእናታችንን አውጣና የቤተሰቡን ስም ከዚያ ውሰድ።”

ፍላሹን ሰካሁ፣ ከፈትኩት። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ማመልከቻ ሁሉ ደህና ነው፤ ላቲን ነው፣ ማን ይነካዋል! አማርኛው ግን የድሮው መጻፊያ ስለሌለ በሙሉ ኮፍያ የደፋ፣ ጢም ያወጣ የፈረንጅ ፊደል ሆኗል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“እናትዎ ናቸው” አልኳቸው።

እኔ ራሴ ከአፌ ስትወጣ ነው የሰማኋት።

ኦቦ ገመዳ ስክሪኑን አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱ። “ቤቷ የት ነው?”

ይሄንን አስቡት እንግዲህ። ሰው ኀዘንተኛን ያጽናናል። እኔ ግን የእህታቸው አስከሬን ቤት ተኝቶ በባጃጅ ጭኜ ሽማግሌ አድርጌ ወሰድኳቸው! ለምን ጉዳይ? ለዊንዶው!

እትዬ አስናቀች በሩን በግማሽ ከፈተች።

“አስናቀች፣ ይሄ ሰው አጥፍቷል” አሉ ኦቦ ገመዳ።

“አጥፍቷል።”

“ሞኝ ነው።”

“ነው።”

(እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ!)

“ግን ዘጠኝ ሰዓት እህቴን እቀብራለሁ። ያለ ታሪክ ልቅበራት?”

ዐይኗ እሳቸው ፊት ላይ ነው። ያ የማውቀው አስተያየት።

“ስንት ልጆች ወለደች?” አለቻቸው።

እፎይ!

ባጃጁ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስትጠይቃቸው ሄደች። የት ተዳረች፣ ምን ትወድ ነበር፣ ገበያ ምን ትሸጥ ነበር። እኔ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ጎኔ ተንጠልጥያለሁ። ድሮ ሱቁ ባዶ በነበረበት ጊዜ የሰው ታሪክ እንዲህ ስትጠይቅ ሥራዬን ትቼ እሰማት ነበር። መቼ እንደተውኩ አላውቅም።

በስልክ ጠርቼው ስለነበር ሳሚ ሱቅ ቀድሞን ደርሷል። “መልሰው” አልኩት።

“ጋሼ፣ ወደ ኋላ የሚያስጭን ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ሰው እኮ ወደፊት ነው የሚሄደው!”

“አንተ ሂድ። እኔን መልሰኝ።”

እጥፍ ጠራ። እኔ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ጋር ሳንቲም የምከራከር ሰው፣ ቃል አልተነፈስኩም።

የመጻፊያው ሲዲስ? እኔ ጋ የለም። እትዬ አስናቀች ከቦርሳዋ አወጣችው፣ በሻሽ ተጠቅልሎ። “ሰው መሣሪያውን ለባለሱቅ ትቶ አይሄድም” አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የኦቦ ገመዳ እናት ከነልጆቻቸው ስም ስክሪኑ ላይ ተመለሱ። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ እትዬ አስናቀች ጻፈች። ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ገጽ። ያ ድምፅ! ሱቄ ዝናብ የጣለበት ቆርቆሮ ሆነ። ሁላችንም ሥራችንን ትተን ሰማን። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ኦቦ ገመዳን የደራ መኪና ላይ አሳፈርኳቸው። ልከፍላቸው የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሊከፍሉኝ ኪሳቸው ገቡ። አልተቀበልኩም። ያን ያህልስ አልወረድኩም።

ስመለስ እትዬ አስናቀች መነጽሯን እየጠረገች ነበር።

“የመጣሁት ለአንተ አይደለም። ለእሳቸው እህት ነው።”

“አውቃለሁ፣ እትዬ።”

“እስከ ፋሲካ እሠራለሁ። ከዚያ አቦምሳ ልጄ ጋ እገባለሁ። ሐኪሙም ዐይኔን አሳርፊ ብሎኛል፤ ትናንት ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።”

ኪቦርዱን አየሁት።

“ከዚያ በኋላ ማን ይጽፋል?” አልኳት።

ከወንበሩ ተነሳች። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋችው።

“ተቀመጥ” አለችኝ። እጄንና ኪቦርዱን በክላሰር ሸፈነችብኝ። “ወደ ታች አትይ። የሰው ፊት እይ።”

እና ወዳጆቼ፣ ዛሬ መላው ዓለም ወደፊት ሲጭን እኔ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የጽሕፈት መኪና ፊደል ስማር ዋልኩ። ብልጥ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው?

ፊደል ከነዝርያው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳላይ የመታሁት ዘጠኝ።

ቀሪ፣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት።