ክቡር ቆይ-እስቲ እና ባዶው ኪስ

ሰዎች አንድ ነገር ለመወሰን በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ውሳኔው አፋፍ ላይ ሲደርስ እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ዓለም ስትፈጠር ይህ ሰው በቦታው ቢኖር ኖሮ የብርሃን ጉዳይ እስካሁን በውይይት ላይ ነበር።

የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ቆይ-እስቲ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ይሁኑ እንጂ ማዕረጉን ያገኙት በላባቸው ነው። ሊፍት ሊዘጋ ሲል የጫማቸውን ጫፍ ጣል ያደርጋሉ። «ቆይ እስቲ፣ የሚመጣ ሰው ቢኖርስ?» የሚመጣ ሰው የለም። እሳቸው ግን ጭር ያለውን ኮሪደር የናፈቁት ዘመድ እንደሚወጣበት በር በፍቅር ያዩታል። ባለቤታቸው እንደሚምሉት ከሆነ፣ በሠርጋቸው ቀን «ታገባታለህ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁም የመለሱት ይህንኑ ነው። «እኔማ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ ሴትየዋ፤ «ልጆቹ ግን አላስቻላቸውም፣ ቀድመው መጡ።»

የሚሠሩት ከመስታወት ቆራጮች ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ጥቂት ሰዎች እዚያ እየተገናኙ፣ ማንም በነጻ የሚወስደውና ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ዳታቤዝ የሚሉት የመረጃ ቋት ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከታች ከተደረደሩት መስታወቶች ተንጸባርቃ ጣሪያው ላይ እንደ ውኃ ስትንሳፈፍ፣ ስብሰባው ሐይቅ ሥር የሚካሄድ ይመስላል።

ከሁሉም ታናሿ ጥድፊያ ትባላለች። ይህን ስም ያወጡላት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ደረጃውን በእርምጃ ስትወጣ ታይታ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄሶን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ እያንዳንዱ መረጃ የሚቀመጥበት ስም አለው፤ ስሙን እንደ ሸሚዝ ኪስ ቁጠሩት። አንዳንዱ ኪስ ውስጥ ነገር አለ፣ አንዳንዱ ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ሸሚዝ ደግሞ ጭራሽ ኪስ አልተሰፋለትም። ዳታቤዙ ባዶውን ኪስና ኪስ የለሹን ሸሚዝ ለይቶ ስለሚያይ፣ መረጃ ፈላጊው ጥያቄውን አስረዝሞና አወሳስቦ መጻፍ አለበት። ጥድፊያ ይህን ልታቀል ተነሳች። ለሁለቱም አንድ አጭር መልስ ይሰጥ አለች፤ «የለም።» የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ክረምት ከበጋ ደክማበታለች። ለዳታቤዙ አዲስ እትም ከደረሰ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሰዎች ነገ ይገለገሉበታል። ካልደረሰ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።

ዕቅዱን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስትጨርስ ሁሉም አጨበጨቡ። ከአንድ ሰው በቀር።

«ቆይ እስቲ» አሉ ክቡርነታቸው።

«ጋሼ ደግሞ! ባዶ ባዶ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እዚያ ማዶ የሆነ ሰው የሚጠቅሳቸው ይመስል።

«አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ አለች እንበል። የተማሪዎች መረጃ ትይዛለች። ‹የእናት ስልክ› የሚለው ኪስ ባዶ ከሆነ እናትየዋ ተጠይቃ ‹ስልክ የለኝም› ብላለች። ኪሱ ራሱ ከሌለ ግን ማንም አልጠየቃትም። ይቺኛዋን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያቺኛዋን ደግሞ መጠየቅ ማሳፈር ነው።»

«ይቺ ጸሐፊ የት ነው ያለችው?»

«እኔ ምን አውቄ! ስለማላውቃት እኮ ነው የምጨነቅላት።»

ጥድፊያ ተናደደች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን በአውቶቡሱ መስኮት ላይ፣ በገዛ ፊቷና በሚሮጡት ዛፎች መካከል፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠች ሴት ያየች መሰላት። ማንም ያልጠየቃት ሴት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሴትየዋ ግን አልወረደችም።

እትሙ የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ተአምር ነው፤ የክቡርነታቸው ወንበር ባዶ ነበር።

«ዛሬ ቀናሽ!» አለ ሰብሳቢው፤ አንድ ሥራ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማሙ ነውና ስም በስም ጠራ። ሁሉም ተቃውሞ የለኝም አሉ። የክቡርነታቸው ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው ትከሻውን ሰበቀ። «የሉም። ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው።» ከስማቸው ፊት ለፊት «ተቃውሞ የለም» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

ጣሪያው ላይ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይዋኛል። ጥድፊያ ጽሑፉን አየች። ከጎኑ ካሉት ጋር በምንም አይለይም፤ የተጠየቁትም ያልተጠየቁትም ሰልፍ ይዘው ቆመዋል።

«ቆይ እስቲ!»

ሁሉም ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ። ከዚያ ወደ እሷ።

«ተቃውሞ የለኝም አላሉም እኮ» አለች፣ ጆሮዋ እየጋለ። «አልተጠየቁም።»

«አንቺ ልጅ፣ የገዛ ሥራሽን ልትቀብሪ ነው?» አለ ሰብሳቢው። «ዛሬ ካልተወሰነ እኮ አለቀ።»

«አውቃለሁ።» ተነስታ ከስማቸው ፊት ያለውን በመዳፏ ጠረገችው። «ይሄንን ባላየው ኖሮ፣ ያቺን ያልተጠየቀች እናትም ልጠርጋት ነበር።»

ሰብሳቢው በረጅሙ ተነፈሰ፤ እትሙም ያለ እሷ ሥራ ተዘጋ።

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ክቡርነታቸው እያለከለኩ ገቡ። ሊፍት ይዘውለት የነበረ አንድ የማያውቁት ሰው ቁልፍ ጠፍቶበት አብረው ሲፈልጉ ቆይተው ነው። «ምን አመለጠኝ?»

«‹ቆይ እስቲ› ተብሏል» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ ሳልኖር? ማን አባቱ ነው የደፈረ?»

ሁሉም ወደ ጥድፊያ ጠቆሙ። ክቡርነታቸው ሲያዩዋት፣ የዚያ ባዶ ኮሪደር እንግዳ በመጨረሻ የደረሰ ይመስል ፊታቸው በራ።

ጥድፊያ ወንበራቸውን ሳበችላቸው። «ጋሼ፣ በዕቅዴ ላይ ተቃውሞ አለዎት?»

አፋቸውን ከፈቱ። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ቆይ እስቲ…»

«ግድ የለም ጋሼ» አለች፣ አጠገባቸው እየተቀመጠች። «ዓመት ሙሉ አለን።»