የማይታወቅ ሰው ፍለጋ

«ፊልም ያለ ታዋቂ ተዋናይ፣ ወጥ ያለ ጨው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል። የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛው ወዳጄ ታደለ ሶማሌላንድ፣ ሀርጌሳ ላይ በግሉ ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ታሪኩ የሚጀምረው ማንም የማያውቀው ስደተኛ በከተማዋ የጋአን ሊባህ ሰፈር ሱቆች መካከል ብቻውን ሲሄድ ነው።

ለዚህ እንግዲህ ከአዲስ አበባ ዝነኛ ተዋናይ አስመጣ! ካሜራው ገና ሳይነሣ እዚያ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ከየቤቱ ወጥተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ቀረጻው ተበላሸ።

«ግንበኛውን ደምሴን ሞክረዋ፤ እሱን ማን ያውቀዋል?» አልኩት።

ደምሴ ጥቂት እንደተራመደ ሶማሌዎቹ ከየደጁ ብቅ አሉ። «ደምሴ! ወላሂ ዛሬ አንለቅህም! ግድግዳችን መቼ ሊያልቅ ነው?» ለካስ ያኔ የርስ በርስ ጦርነቱ ያፈረሰውን ሰፈር መልሶ የሚያቆመው እሱ ኖሯል።

ታደለ ደሙ ፈላ። «የማይታወቅ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው!» ብሎ ገበያውን ራሱ አቋርጦ ተመለሰ። ቀና ብሎ ያየው የለም። ሰላም ያለው የለም። መንገድ ላይ የተኛችው ፍየል እንኳ አልተነሣችለትም። ከቢሮ ቤቱ፣ ከቤቱ ቢሮ በመኪና ሲመላለስ ስንት ዓመት የኖረባት ከተማ እኮ ናት!

ካሜራማኑ ግን ቀርጾት ኖሮ በደስታ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ተዋናዩ ተገኘ!»